ኦነሲሞስ ነሲብ፦ ለአንባቢው የሚሆነውን መጽሐፍ ያዘጋጁ ሰው

የቤተ መጻሕፍት ሙያ መጻሕፍትን በመመዝገብና በመደርደር ብቻ አይፈጸምም። ለጠያቂው የሚስማማውን መጽሐፍ መርጦ መስጠት ከሙያው ዐቢይ ተግባሮች አንዱ ነው። ለዚህም መጽሐፉን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ አንባቢውንም ማወቅ ያሻል። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተሟቸው አምስት የሙያው ሕግጋት ውስጥ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱም መጽሐፍ አንባቢው ሊገኝለት እንደሚገባ ደንግገዋል። በዚያው ዓመት በነቀምቴ ከተማ፣ የቤተ መጻሕፍት ሹመት ሳይኖራቸው ዕድሜያቸውን በዚሁ ተግባር ያሳለፉት ኦነሲሞስ ነሲብ ዐረፉ።

ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ሲሆን፣ ቃሉ በኦሮምኛ መፍታትንና መተርጎምን ያመለክታል። በልጅነታቸው አባታቸው ሞቱባቸው፤ ቆይቶም የባሪያ ነጋዴዎች ነጥቀው ወሰዷቸው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ ምጽዋ ከደረሱ በኋላ፣ የስዊዝ ተወላጅ የሆነው ቨርነር ሙንዚንገር በ1870 ነፃ አወጣቸው። ከዚያም በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ በ1872 ተጠመቁ፤ ከ1876 እስከ 1881 ድረስም በስዊድን አገር ተማሩ። ሲመለሱ በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ያደረጉት ሙከራ ስላልተሳካ፣ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ተቀምጠው የትርጉም ሥራቸውን ያዙ።

በዚህ ጊዜ ከባድ ችግር ገጠማቸው። ከወገናቸው ተለይተው ያደጉ በመሆናቸው፣ የሕዝቡን ቋንቋ ከነምሳሌውና ከነወጉ በሙላት አያውቁም ነበር። መጽሐፉ ቢዘጋጅም አንባቢው እንግዳ ሊሆንበት ነው። ኦነሲሞስ ጉድለቱን ተረድተው ረዳት ፈለጉ። ረዳቷም በ1886 የኢጣሊያ መርከብ ወደ ዐረብ አገር ስትጓዝ ከነበረች የባሪያ ጀልባ ያስጣላት፣ በእምኩሉ ትምህርት ቤት የተማረችው አስቴር ገኖ ሆነች። አስቴር 15,000 ያህል ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ በቃሏ የያዘችውን 500 ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈንም በጽሑፍ አሰፈረች።

የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው በዚያ ዓይነት መጽሐፍ ንባብ ሊጀምር አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ከፊደል ይነሣና አስቴር ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ምሳሌዎች ወደ ብዙዎቹ ያልፋል። ጀማሪው በጆሮው የሚያውቀውን ነገር በዓይኑ እንዲያገኘው የታሰበ ነበር። በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ። እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው።

በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ኦነሲሞስን በክብር ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ በማስተማራቸው ብዙ ሰሚ አገኙ፤ የካህናቱም ተቃውሞ ተነሣባቸው። በ1906 ጉዳያቸው አዲስ አበባ ቀርቦ አቡነ ማቴዎስ ከአካባቢው እንዲርቁ ፈረዱባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው፣ እንዳይሰብኩ ከልክለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስከሰጧቸው ድረስ ሥራቸው በትምህርት ቤታቸው ተወስኖ ቆየ። በአደባባይ መናገር በተከለከሉባቸው በእነዚያ ዓመታት የቀራቸው ተማሪውና መጽሐፉ ነበሩ። አባ ገመቺስ በመባልም የሚታወቁት ኦነሲሞስ በሰኔ ወር 1931 በነቀምቴ እስካረፉ ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለዩም።

ይህ ታሪክ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ለሚሠራ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሩቅ አይደለም። ኦሮምኛ ከ1991 ወዲህ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለሆነም የዛሬው ተማሪ የ1894ቱን መጽሐፍ ቋንቋውን እያወቀ፣ በግዕዝ ፊደል በመታተሙ ሳያነበው ሊቀር ይችላል። በአንጻሩ በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማሩ አዛውንት አዲሱ መጽሐፍ ሊከብዳቸው ይችላል። አባትና ልጅ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ አንዱ የሚያነበውን መጽሐፍ ግን ሌላው አያነበውም። ስለዚህ ባለሙያው ከመደርደሪያው መጽሐፍ ከማውረዱ በፊት፣ አንባቢው በየትኛው ፊደል እንደተማረ፣ ንባቡ የት እንደደረሰና ምን ዓይነት ነገር ሲሰማ እንዳደገ በትሕትና መጠየቅ ይገባዋል። ኦነሲሞስም የራሳቸው ቋንቋ ለሥራው እንደማይበቃ ባወቁ ጊዜ፣ ከእርሳቸው በዕድሜ የምታንሰውን አስቴርን ከመጠየቅ አልተቆጠቡም።