ጆናታን ስዊፍትና የእንቁላሉ ጠብ

ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1667 በደብሊን ተወለደ። ቄስ ቢሆንም ብዕሩ ገዢዎችን አልማረም። በ1724 ስሙን ደብቆ በጻፋቸው ደብዳቤዎች በአየርላንድ ሕዝብ ላይ ሊጫን የነበረውን ርካሽ ሳንቲም ተቃወመ። በ1726 ባሳተመው የጋሊቨር ጉዞዎችም፣ እንቁላል በሰፊው ጫፍ ይሰበር ወይስ በቀጭኑ እያሉ የሚፋጁ ድንኮችን አሳየን። በ1745 ሞተ።

በ1980 ዳኒ ኮኸን የተባለ የኮምፒውተር ሊቅ የእነዚያን ወገኖች ስም ለባይት ቅደም ተከተል ክርክር ተዋሰ። ጠቡ ዛሬም አልበረደም። የሊኑክስ ከርነል ለስሕተት ፍለጋ በሚያትመው መልእክት፣ አንዱ ባለ16 ባይት መለያ በሁለት መልክ ሊወጣ ይችላል፦ የፊተኞቹ 4፣ 2 እና 2 ባይቶች በየራሳቸው ይገለበጣሉ፤ የቀሩት 8 አይነኩም። እንግዲህ አንዱን ዲስክ ሁለት ነው ብለን ከመከራከራችን በፊት፣ እንቁላሉ በየትኛው ጫፍ እንደተሰበረ እንጠይቅ።