አበበ ቢቂላ ካሸነፈ በኋላ ሳሩ ላይ ምን ይሠራ ነበር?

ስልካችሁ ላይ የ1964ቱን (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ፈልጉና መጨረሻውን እዩት። አበበ ቢቂላ ብቻውን ስታዲየም ገብቶ ውድድሩን ይጨርሳል። ደክሞ ይወድቃል ተብሎ ሲጠበቅ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት ይነካል፤ ከዚያ ሳሩ ላይ በጀርባው ተጋድሞ እግሮቹን ወደ ላይ ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጉልበት ማሳየት ነው ይላል። ለእኔ ግን አበበ ሥራውን እየጨረሰ ነበር። ለሱ ሩጫ ማለት ጡንቻን ማፍታታትም ጭምር ነው።

አበበ የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ክቡር ዘበኛ ገብቶ ወታደር ሆነ፤ እዚያም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ወርቅ ወሰደ። ወደ ቶኪዮ ሊሄድ ሲል ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አወጡለት። ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው።

እኔ የምውለው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው። ከመርካቶ ሸክም ይዘው ድልድዩን የሚሻገሩ ልጆች አረፍ ሲሉ መጀመሪያ የሚነኩት ባታቸውን ነው፤ በእጃቸው ያሻሹታል። እኔም ቆሜ ስለምውል ማታ ባቴ እንደ ድንጋይ ይሆናል። አሁን ለዚህ ፎም ሮለር የሚባል እቃ አለ፤ ድድር ካለ ስፖንጅ የተሠራ ድብልብል ነገር ነው። አበበ ይሄ አልነበረውም፤ ሐሳቡ ግን ሩቅ አይደለም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ባታችሁን እላዩ ላይ አሳርፉ። በእጃችሁ ተደግፋችሁ ከቁርጭምጭሚት በላይ እስከ ጉልበት በታች፣ በቀስታ፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ወዲያና ወዲህ አንከባሉት። ታፋንም እንደዚሁ። መገጣጠሚያ፣ አጥንትና ወገብ ላይ ግን አትጫኑ። የሚያመጣው ለውጥ የተወጠረውን ጡንቻ ለጊዜው ማላላትና ከስፖርት በኋላ የሚመጣውን ሕመም ትንሽ ማቅለል ነው። ጉዳትን አያድንም፤ አትጎዱም ብሎ ዋስ የሚሆናችሁም የለም።

ይህን ደግሞ የአበበ ሕይወት ራሱ ያሳያል። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲደርስ ግራ እግሩ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ነበረበት። ማሸትም ማፍታታትም የአጥንት ስንጥቅ አይገጥምም። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቆመ። በዚያው ውድድር ማሞ ወልዴ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን፣ ዓለም እያየው፣ መሀል መንገድ ላይ ማቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግን አቆመ።

እኛስ? አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ ያበጠ፣ የሚያቃጥል ወይም ስትረግጡ የሚብስ ሕመም ሲመጣ ሮለሩን አስቀምጡና ሐኪም ጋ ሂዱ። በተለይ አንዱ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ በፍጹም አትሹት፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ታዩ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ሰውየው ስፖርት አልተወም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ውርወራና የጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር።

ስለ አበበ ስናወራ ባዶ እግሩን ብቻ እናነሳለን። እኔ ግን ሌሎቹንም አብራችሁ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል፦ ሲችል ያፍታታ ነበር፣ ሲጎዳ አቆመ፣ እግሩ እምቢ ሲለው በእጁ ቀጠለ። ዛሬ ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ ከመጋደማችሁ በፊት ለባታችሁ ሁለት ደቂቃ ስጡት።