ባትሊንግ ሲኪ፦ በመድረክ ያሸነፈ፣ በጎዳና የወደቀ

በገራዶ ከወጣቶቻችን ጋር ስለ ስፖርት ስንጨዋወት የሚነሣው ዘወትር የአሸናፊዎች ዝና ነው። ከድሉ ማግስት ያለው ኑሮ ግን እምብዛም አይወሳም። ስለዚህ የአንድ አፍሪካዊ ቦክሰኛ ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባትሊንግ ሲኪ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ሉዊ ምባሪክ ፋል በ1897 ዓ.ም. በሴኔጋል፣ በሳን ሉዊ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በፈረንሳይ ሠራዊት ውስጥ ተዋግቶ በጀግንነቱ ተሸለመ።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ የቡፋሎ ስታዲየም ፈረንሳውያን እንደ ጣዖት ከሚያዩት ከጆርጅ ካርፓንትዬ ጋር ተጋጠመ። በስድስተኛው ዙር ዘረረው። የመድረኩ ዳኛ ግን ሲኪ እግሩን ጠልፎ ጥሎታል በማለት ድሉን ለወደቀው ሰጠ። ይህን ጊዜ ለካርፓንትዬ ሊያጨበጭብ የመጣው ሕዝብ ራሱ በጩኸት ተቃወመ፤ ፍርዱም ተሻረ። ሲኪ በቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በቦክስ ለዚህ ማዕረግ የበቃ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እርሱ ነው።

በመድረክ ላይ ዙር ሲያልቅ ደወል ይደወላል፤ ቦክሰኛውም ወደ ማዕዘኑ ተመልሶ ያርፋል። ከመድረክ ውጪ ለሲኪ የሚደወል ደወል አልነበረም። የአንበሳ ደቦል አስከትሎ በፓሪስ ጎዳናዎች ይንሸራሸር፣ ገንዘቡንም በመጠጥና በግብዣ ይበትን ጀመር። ጋዜጦች ከዱር እንደ መጣ አውሬ አድርገው ይሣለቁበት ነበር። ይህን ሳንናገር ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ብንጭን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ይሁን እንጂ ጽዋውን ወደ አፉ ያነሣው የራሱ እጅ ነበር።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር በአንድ ግጥሚያ ላይ የሌላ ቦክሰኛ ሥራ አስኪያጅ መትቷል ተብሎ ከውድድር ታገደ። ማርች 17 ቀን 1923 ዓ.ም. በደብሊን፣ በቅዱስ ፓትሪክ በዓል ዕለት፣ ከአይርላንዳዊው ማይክ ማክቲግ ጋር 20 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። በዚያ ቀን በዚያ አገር ማዕረግን አስይዞ መግጠም፣ እውነተኛ መካሪ ያለው ሰው የሚያደርገው አይመስለንም።

ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄደ። በአገሩ መጠጥ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም እርሱ አላጣውም። ሽንፈቱ በዛ፤ በየመንገዱ ጠብና እስራትም ተከተለው። ዲሴምበር 15 ቀን 1925 ዓ.ም. ሌሊት በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ከጀርባው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 28 ነበር፤ ገዳዩም ለፍርድ አልቀረበም። አስከሬኑ በዚያው ተቀብሮ ቆይቶ በ1993 ዓ.ም. አፅሙ ወደ ሴኔጋል ተመለሰ።