ሐኪሙ ደራሲ አንቶን ቼኾቭ

ከእኛ ከዕጩ መምህራን መካከል ግጥም የሚጽፍ፣ ሥዕል የሚሞክር፣ ክራር የሚመታ ሞልቷል። ታዲያ የምደባ ቀን ሲቀርብ ሁላችንም የምንጠያየቀው አንድ ነገር አለ፦ ገጠር ገብተን ጠመኔ ከጨበጥን በኋላ ይኼ ሁሉ ይቀጥላል ወይስ ተረስቶ ይቀራል? እስቲ የሩሲያዊውን ደራሲ የአንቶን ቼኾቭን ሕይወት እንመልከት። ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቼኾቭ በ1860 ታጋንሮግ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አያቱ ገንዘብ ከፍሎ ራሱንና ቤተሰቡን ነጻ ያወጣ የባላባት ገባር ነበር። ባለሱቁ አባቱ በ1876 ከሰረና ቤተሰቡ ወደ ሞስኮ ሄደ። አንቶን ግን ልጆች እያስጠና ትምህርቱን ለመጨረስ እዚያው ቀረ። በ1879 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ያጠና ጀመር። ቤተሰቡ የሚበላው ስላስፈለገው በብዕር ስም ለቀልድ መጽሔቶች አጫጭር ጽሑፎች ይጽፍ ነበር። በ1884 ሐኪም ሆነ።

ዝናው ሲገን ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ አልተወም። በ1890 የግዞት ደሴት ወደነበረችው ሳኻሊን ተጉዞ ሦስት ወር ያህል የእስረኞችንና የሰፋሪዎችን ኑሮ በካርድ እየመዘገበ አጠና። በ1892 ሜሊኾቮ መንደር ገባ። በዚያው ዓመት ኮሌራ ሲያሰጋ 25 መንደሮች፣ 4 ፋብሪካዎችና 1 ገዳም ያለደመወዝ ተረክቦ ይዞር ጀመር። ያን ሰሞን ለመጻፍ እንኳ ፋታ አጣ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቼኾቭ ቀኑን ለሁለቱ ሥራዎች እኩል አላካፈለም። በሽተኛ ሲመጣ ብዕር ይቆያል፤ ፋታ ሲገኝ ደግሞ በሥራው ያየው ነገር ጽሑፍ ይሆናል። በ1892 የወጣው «ክፍል ቁጥር 6» ስለ አንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ነው፤ የሐኪም እጅ ያረፈበት መሆኑ ያስታውቃል።

ከእኛ ሙያም ሩቅ አይደለም። በአካባቢው ሦስት ትምህርት ቤቶች አሠርቷል። በ1897 ያወጣው «በጋሪ ላይ» የተሰኘው አጭር ልቦለድም የአንዲት የገጠር አስተማሪን ድካምና ብቸኝነት ይተርካል።

ዋጋውንም አንርሳ። ሌላውን ሲያክም የራሱን የሳንባ ነቀርሳ ለዓመታት ችላ ብሎ ኖረ። በ1904 በጀርመን አገር ባደንቫይለር በ44 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ የትም እንመደብ የት፣ ክፍል ውስጥ የሚጠብቀን ተማሪ ይቀድማል። የግጥም ደብተራችንን ግን ሻንጣችን ውስጥ መክተት አንርሳ፤ የምንጽፈውን የምናገኘው እዚያው ከምናስተምርበት መንደር ነውና።