አርነት የወጣው አናሲሞስ

አንባቢ ሆይ፤ ከአቃቂ ወደ ምሥራቅ ብትመለከት የየረር ተራራ ይታይሃል። በዚያ ተራራ አጠገብ በ19ኛው መቶ ዓመት ሮጌ የሚባል የታወቀ ገበያ ነበረ። ቡና ይሸጥበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የመጡ ልጆች በዚያ ዋጋቸው እየተነገረ ወደ ባሕር ወደብ ይነዱ ነበር። እኛ ዛሬ በአቃቂና በቃሊቲ ወደ ፋብሪካ፥ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ስንመላለስ ይህን አናስበውም።

እንደ እነዚያ ልጆች ስለ ተሸጠ ስለ አንድ ልጅ ልነግርህ እወዳለሁ፤ የእርሱ መንገድ ግን ወደ ሰሜን፥ ወደ ምጽዋ ነበረ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ልጁ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለደ። ስሙን ሂካ አሉት፤ ይህም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ወላጆቹ የሚመጣውን ሳያውቁ ያወጡለት ይህ ስም በኋላ ሥራው ሆነ። ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት፤ ዕድሜው ያን ጊዜ 13 ዓመት ያህል ነበረ። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተላለፈ፥ ቋንቋውን ከሚያውቁ ሰዎች እየራቀ፥ በመጨረሻ ከባሕሩ ዳር ደረሰ። ከምጽዋ ወዲያ ያለው መርከብ ብቻ ነው፤ መርከብ የገባ ልጅ ደግሞ አገሩን እንደገና የሚያይበት ተስፋ አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ በምጽዋ ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል ባለ ሥልጣን የስዊስ ሰው ነበረ። በ1870 ሂካን ከባርነት አወጣውና በዚያ ለተቀመጡት ለስዊድን ወንጌላውያን መልእክተኞች ሰጠው፤ እንዲያስተምሩት።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ይህ ልጅ ስለ አርነቱ ምን አደረገ? ገንዘብ አልነበረውም። የሚማልድለት ዘመድ በዚያ አገር አልነበረውም። በጎ ሥራ ሠርቶ እንዳያሳይም ገና የባዕድ ንብረት የሆነ ብላቴና ነበረ። አርነቱ ከእርሱ ወገን አልመጣም፤ የመጣው ሥልጣን ካለው ከሌላ ሰው ነው። ከዚያች ቀን በኋላ በሌሊት ነቅቶ ነጋዴው ተመልሶ ይወስደኝ ይሆን ብሎ ቢንቀጠቀጥ ማን ይነቅፈዋል? ፍርሃቱ ግን መልሶ ባሪያ ሊያደርገው አይችልም። በማግሥቱ ደግሞ ደስ ብሎት ቢዘምር በመዝሙሩ ምክንያት አርነቱ አይጨምርም። ነፃ መሆኑን ለማወቅ የልቡን ሁኔታ መመርመር አይጠቅመውም፤ ያወጣውን ሰው ቃልና ሥልጣን መመልከት ይበቃዋል።

ወንድሜ ሆይ፤ ይህን የምጽፍልህ በከተማችን አንድ አነጋገር ስለ በዛ ነው። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ሟቹ ነፍስ ሲነሣ ሰው ሁሉ እርሱ ያውቃል ይላል። ስለ ሌላው ሰው ነፍስ ይህ የተገባ መልስ ነው፤ ፈራጆች አይደለንምና። ነገር ግን ያው ሰው ስለ ራሱ ነፍስ ሲጠየቅ፥ ዛሬ ብትሞት ወዴት ትሄዳለህ ሲባል፥ ያንኑ ቃል ይደግመዋል፤ ትሕትናም ይመስለዋል። አንድ ነፃ የወጣ ልጅ ነፃ ነህን ተብሎ ቢጠየቅና እንጃ ብሎ ቢመልስ ትሕትና አይባልለትም። ያወጣውን ሰው እንደ መጠራጠር ይቆጠርበታል። ክርስቶስ ስለ እኛ ራሱን ቤዛ አድርጎ ከሰጠ፥ በእርሱ ያመነ ሰው የሰማይን ነገር እንደ ዕጣ የሚጠብቀው ስለ ምንድር ነው?

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሂካ ከመልእክተኞቹ ዘንድ ተማረ፥ አመነም። በ1872 መጋቢት 31 ቀን ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ የሚገኝ የባሪያ ስም ነው። ያ የቀድሞው አናሲሞስ ከጌታው ኮብልሎ ሳለ ሐዋርያው እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለጌታው ጻፈለት። ልጃችን ይህን ስም እስከ ሞቱ ድረስ አልጣለውም። ባሪያ የነበረ ሰው የባርነቱን ወሬ ሊደብቅ ይወድዳል፤ እርሱ ግን በየቀኑ በስሙ ይጠራበት ነበር።

ከዚህ በኋላ አቶ አናሲሞስ ነሲብ እንበላቸው፤ ሙሉ ሰው ሆነዋልና። ወደ ስዊድን ተልከው በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐነሉንድ የወንጌል ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በዚያ አገር በሰላም መኖር ይቻላቸው ነበር። እርሳቸው ግን የነጠቋቸው ሰዎች ወደሚኖሩበት ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። በ1881 በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ መንገዱ ተዘጋባቸው፥ ሕመም አገኛቸው፥ በ1882 በምጽዋ አጠገብ ወዳለው ወደ እምኩሉ ተመለሱ። በ1886 በሸዋ በኩል እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ንጉሥ ምኒልክ ግን እንዲመለሱ አዘዙ።

አንዳንድ ሰዎች፥ ሰው መዳኑን በእርግጥ ካወቀ ሰነፍ ይሆናል ይላሉ። እኔም ይህን ክርክር ከተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መንግሥተ ሰማያት አስቀድሞ ከተሰጠው ለምን ይደክማል ነው ነገሩ። መልሱን በእኚህ ሰው ሥራ ላይ ተመልከተው። መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜ በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይመልሱ ጀመር። የሕፃንነት ቋንቋቸውን ከተለዩ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበርና ቃል ያንሳቸው ነበር። በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር ሌላ አርነት የወጣች ነፍስ አመጣላቸው። አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከብ አግኝቶ አዳናት፤ ወደ እምኩሉም መጣች። ይህች ልጅ የቋንቋው ባለጸጋ ነበረች። 15000 ያህል ቃላት ሰበሰበች ይባላል፤ ተረቱንና መዝሙሩንም ከልቧ ጻፈች። በ1893 ሐዲስ ኪዳን ታተመ። በ1894 የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ወጣ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በስዊስ አገር በክሪሾና ታተመ። አስተውል፤ ሁለቱም በገበያ የተሸጡ ነበሩ። የሸጣቸው ሕዝብ የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ አፉ እንዲያነብ የደከሙት እነርሱ ናቸው። ባሪያ ለጌታው የሚሠራው ጅራፍ ፈርቶ ነው፤ እነዚህ ግን የሚፈሩት ጅራፍ አልነበረባቸውም።

በ1904 አቶ አናሲሞስ ወለጋ ገቡ። ከተነጠቁ 35 ዓመት ሆኖ ነበር። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፥ በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ከፈቱ፥ ሕዝቡም በሚሰማው ቋንቋ ሰበኩ። ይህ ግን ብዙ አልቆየም። የአገሩ ካህናት እመቤታችንን ሰደበ ብለው ከሰሷቸውና በ1906 በአዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ካህናቱን ለመንቀፍ አልጽፍም፤ የአባቶቻቸው ሃይማኖት እንዳይነካ ፈርተው ነበርና። አቡኑ ከአገር እንዲወጡ ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ እንዳይሰብኩ ግን ከለከሏቸው።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ ከሕይወታቸው ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። ሰውየው ሊሰብኩበት የተመለሱበት አገር ውስጥ ተቀምጠዋል። የተረጎሙት መጽሐፍ በእጃቸው ነው። ሊናገሩ ግን አይችሉም። ይህ አሥር ዓመት ያህል ቆየ፤ ስደቱም በላያቸው እንደ ተንጠለጠለ ነበረ። የነፍሳቸውን ተስፋ በሥራቸው ላይ የጣሉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህ አሥር ዓመት ባዶ እጃቸውን ባስቀራቸው ነበር። ሰባኪ ነኝና እድናለሁ የሚል ሰው አፉ በተዘጋ ቀን ምን ይቀረዋል? እርሳቸው ግን ከትምህርት ቤታቸው አልራቁም፤ ሕፃናትን ፊደል ማስቆጠር ቀጠሉ። ይህ ከሰማይ ዋጋ የሚለምን ሰው አኗኗር አይመስለኝም፤ ሁሉን አስቀድሞ የተቀበለ ሰው አኗኗር ይመስለኛል።

ምናልባት አንተም በእንዲህ ያለ ጊዜ ውስጥ ትሆናለህ። ሥራህን አጥተህ፥ ወይም ታመህ በአልጋ ላይ ውለህ፥ ለእግዚአብሔር ምን አደረግሁለት እያልህ ሌሊቱን ትቆጥራለህ። ጾሙን አልቻልህም፤ ምጽዋቱን ከየት ታመጣዋለህ? የሠራኸውን በአንድ ወገን፥ የበደልኸውን በሌላ ወገን አድርገህ ትመዝናለህ፤ ሚዛኑም ወደማትወደው ያዘነብላል። ያን ጊዜ ወደ ሚዛኑ አትመልከት። በምጽዋ ባሕር ዳር ምንም ያልነበረውን ልጅ አስብ፤ ያወጣው ማን እንደ ሆነም ጠይቅ። ቤዛህ የሆነው ጌታ ሞቶ የተነሣ ነው፤ እንደ ሰው ሹመቱ አይሻርም።

በ1916 ልጅ ኢያሱ ለአቶ አናሲሞስ የመስበክ ፈቃድ ሰጡ። በዚያው ዓመት ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ፈቃዱ ግን አልተሻረም። እርሳቸው ያን ጊዜ 60 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ማረፍ ይፈልጋል። እርሳቸው ግን ዳግመኛ ጀመሩ፤ መጻሕፍታቸውን እያደሉ፥ ወንጌልን እየሰበኩ 15 ዓመት ኖሩ።

በ1931 ሰኔ 21 ቀን ዐረፉ። ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው የኢትዮጵያ ሕግ በ1942 ሲታወጅ ከሞቱ 11 ዓመት ሆኗቸው ነበር። አስቴር ጋኖ ግን ያን ቀን በሕይወት አየች፤ እስከ 1964 ድረስም ኖረች።