አልፍሬድ ራስል ዋላስና ደሴቶቹ

ዳርዊንን ሁላችን እናውቀዋለን፤ አልፍሬድ ራስል ዋላስን ግን ጥቂቶቻችን ብቻ ሰምተነዋል። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1823 ዓ.ም. በዌልስ ተወለደ፤ ቤተ ሰቡ ስለ ተቸገረ በ14 ዓመቱ ግድም ትምህርቱን ተወ። በአማዞን ዱር አራት ዓመት ወፍና ነፍሳት ሰብስቦ በ1852 ሲመለስ መርከቢቱ ተቃጥላ፥ ከጥቂት ሥዕሎችና ማስታወሻዎች በቀር የጫነው ሁሉ ጠፋ። እኛ ብንሆን ዳግመኛ ባሕር ባልተሻገርን ነበር፤ እርሱ ግን በ1854 ወደ ማላይ ደሴቶች ሄዶ ስምንት ዓመት ቆየ።

በ1856 ከባሊ ደሴት ወደ ሎምቦክ ተሻገረ። በመካከላቸው ያለው ባሕር በጠባቡ ስፍራ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን በባሊ የእስያ ወፎችን ትቶ በሎምቦክ የአውስትራልያ ዘመድ የሆኑ ነጭ በቀቀኖችን አገኘ። ክንፍ ያለው ፍጥረት ስለ ምን አልተሻገረም? ብዙ የዱር ወፎች ሰፊ ውሃ አይደፍሩም፤ ያም ባሕር እጅግ ጥልቅ በመሆኑ፥ ውቅያኖስ በጎደለበት በጥንት ዘመን እንኳ የብስ አልሆነም። ስለዚህ በየወገኑ ያለው ፍጥረት ለብቻው ተለወጠ።

በ1858 በትኩሳት ታሞ ሳለ የለውጡ መንገድ ተገለጠለት፤ ለኑሮው የተስማማው ይተርፋል፥ ዘሩንም ይተካል። ይህን ጽፎ ለዳርዊን ላከ። ዳርዊንም 20 ዓመት ያህል የደከመበትን አሳብ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ቢያይ ደነገጠ። ወዳጆቹ የሁለቱን ጽሑፍ በሎንዶን በአንድነት አስነበቡ፤ ዋላስን ግን ማንም አላማከረውም። እርሱ አልተቀየመም፤ እኛ ግን ጥቂት ቅር ይለናል። በ1913 በ90 ዓመቱ ሞተ፤ የባሊና የሎምቦክ ድንበርም ዛሬ የዋላስ መስመር ይባላል።