ዶክቶር ቪንሰንት ዱ ቪኞና የደም ሥር ሆርሞን
ዝነኛው የኬሚስትሪ ሊቅ ዶክቶር ቪንሰንት ዱ ቪኞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. በሺካጎ ከተማ ተወለዱ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ በምግብ ቤት አሳላፊነት ይሠሩ ነበር፤ ይህንንም ያነሣነው ወጪው ለከበደው ተማሪ ስንል ነው።

ኋላም በኒው ዮርክ፣ በኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከታረዱ ከብቶች አንጎል ሥር ከምትገኘው ትንሽ ዕጢ ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን አጣርተው አወጡ። ይህም ሆርሞን ኩላሊት ውሃ እንዳያባክን ይከለክላል፤ የደም ሥሮችም እንዲኮማተሩ ያደርጋል። ሊቁ ዘጠኙ አሚኖ አሲዶች እንዴት እንደ ተያያዙ ከለዩ በኋላ በላቦራቶሪ ራሳቸው ሠሩት። ከዚሁ ጋር የሚመሳሰለውን ኦክሲቶሲንንም ስለ ሠሩ በ1955 የኖቤልን ሽልማት ብቻቸውን ተቀበሉ።

እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን በ1978 ካረፉ በኋላ የሆነው ነው። ደም ሲመረዝ የደም ሥሮች ይላላሉ፤ ግፊትም ይወድቃል፤ በሽተኛውም ለሞት ይቀርባል። በ1997 የኒው ዮርክ ሐኪሞች እንዲህ ያሉትን በሽተኞች ቢመረምሩ፣ በዚያ ጭንቅ ሰዓት ሊበዛ የሚገባው ቫሶፕሬሲን እጅግ አንሶ አገኙት። ጥቂቱን በደም ሥር ቢሰጧቸው ግፊቱ ተነሣ። ሆኖም በ2008 የወጣው የ778 በሽተኞች ጥናት፣ ከኖርአድሬናሊን አብልጦ ነፍስ ያድናል ለማለት አላስቻለም። ስለዚህም ሐኪሞች የሚጨምሩት ኖርአድሬናሊን ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር ነው።